እትዬ ኮከቤና ከመሬት የተነሣው ታንከር

እትዬ ኮከቤ ዘመሮ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቤት ለቃለች። ቁጥሩን የምታስታውሰው በየተከራየችበት ግቢ በተከለችው ጎመን ነው። "ከሰባተኛው ቤት ያስወጡኝ ጎመኔ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነው" ትላለች፣ የሞተ ዘመድ እንደምታነሣ ዓይነት። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ቢሆን ነው። በሃያ ዓመት ስለምትበልጠኝ እርስዎ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን አንድ ቀን "እርስዎ ባልሽኝ ቁጥር ወገቤን ያመኛል" ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ።

የተወለደችው በግሼ በኩል ነው። ትዳሯ ሳይሰምር ሲቀር አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደ ዘመሮ መጣች። ያኔ የትምህርት ቤቱ አጥር ይገነባ ስለነበር በማግሥቱ ድንጋይ ማቀበል ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በከተማችን የቆመ ግንብ ሁሉ በእሷ ትከሻ አልፏል ቢባል ብዙም አልተጋነነም። አሸዋ የተጫነበትን ባሬላ ከፊት ስትይዝ፣ "ኧረ ቀስ በይ" የሚለው ከኋላ የያዘው ወንድ ነው። ኋላ ላይ ፎርማኖቹ አርማታ ማጠጣት ሰጧት። አርማታ ከተሞላ በኋላ እንዳይሰነጠቅ ቀን በቀን ውሃ ይፈልጋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የሚረሳ ሰው ከያዘው ግን ግንቡ አለቀለት። እትዬ ኮከቤ አትረሳም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሆኖም አርማታውን በጡጫዋ አንኳኩታ "ይኼ ገና ነው" ካለች፣ ድጋፍ እንጨቱን ንቀሉ ለማለት የሚደፍር ፎርማን አላየሁም።

ልጇ አድጋ ደብረ ብርሃን ተዳረች። ብቻዋን ስትቀር የቀራት ምኞት አንድ ነው፦ ማንም ልቀቂ የማይላት በር።

የቤት ማኅበራችን ሲመሠረት መጀመሪያ የተመዘገበችውም ለዚህ ነው። አርባ ሁለት አባላት ነን። ሊቀ መንበራችን አቶ ሸዋንዳኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስሕተቱን ይጠብቃሉ። እኔን አደይን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ቦታው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ተዳፋት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሲሰጠን አንድ ነገር አስጠነቀቀን። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር አይችልም፤ ትንሽ ሲቆፈር ዐለት ነው፣ ከሥር ደግሞ የወንዙን ውሃ የሚጠጡ መንደሮች አሉ። የሁላችንንም ፍሳሽ አንድ ላይ የሚያጣራ ማጣሪያ ካልቆመ በቀር ቤቱ ቢያልቅም ማንም አይገባም ተባለ።

በጥቅምት ተሰበሰብን። ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው እዚሁ ፌሮ አስሮ፣ አርማታ ሞልቶ፣ ባለ ሦስት ክፍል ገንዳ መሥራት ነው። ሌላው በቁርጥራጭ ተጭኖ መጥቶ በብሎን የሚገጣጠም የብረት ታንከር ነው።

"ብረት ይዝጋል፣ ነገሩ ያለቀ ነው" አሉ አቶ ሸዋንዳኝ። "አርማታ ልጆቻችን ይወርሱታል፤ ብረቱን የሚወርሰው ቁራሌው ነው።"

ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ደመላሽ ወደ እትዬ ኮከቤ ዞረ። "ኮከቤ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሦስት ወር የምታጠጪው አገኘሽ።"

ሳቅን። እትዬ ኮከቤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"እኔ ብረቱ ይሁን ባይ ነኝ" አለች።

ሳቁ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራዋን የበላችው ከአርማታ ነው። አንድ ቄስ ተነሥቶ ጾም ይቅር ቢል ከዚህ በላይ አንደነግጥም ነበር።

"እሺ ማስረጃሽ?" አሉ አቶ ሸዋንዳኝ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው።

"ሥራው የሚጀመረው ኅዳር ነው አላችሁ። የኛን ኅዳርና ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ፤ በባልዲ ያደረ ውሃ ጠዋት በድንጋይ ነው የሚሰበረው። አርማታ አራስ ልጅ ነው፤ በተወለደ ሌሊት ውርጭ ካገኘው አያድግም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለአንድ መንደር የውሃ ገንዳ ሞልተን በሦስተኛው ቀን በጥፍሬ ብጭረው እንደ በሶ ረገፈ። ለፎርማኑ ነገርኩት። ላዩን ለስኖ አስረከበ። ያ ገንዳ ሲያፈስ የፈሰሰው ውሃ ነው። ይኼኛው ሲያፈስ የሚወርደውን ታውቃላችሁ። ከታች ያሉት ሰዎች ይጠጡታል።"

"የካቲት እንጀምራ" አሉ አቶ ሸዋንዳኝ።

"በልጉ ይይዘናል። ከዚያ ክረምቱ።"

"ዝገቱስ?"

"ዝገት በዓይን ይታያል፤ ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል። የአርማታ ስንጥቅ ግን ከውስጥ ነው የሚጀምር፤ አንተ ስታየው እሱ ጨርሷል። ደግሞ ሌሎች ሰዎች ኋላ ቤት ቢሠሩ፣ በብረቱ ጎን ሌላ ብረት ይገጠማል። አርማታውን ግን ምን አድርጋችሁ ልታሰፉት ነው?"

አቶ ሸዋንዳኝን አንተ ማለቷን ያወቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው። እሳቸው አልተቆጡም። እጅ ሲቆጠር ብረቱ አሸነፈ፤ የእሳቸውም እጅ ከተነሡት ውስጥ ነበር።

ብረቱ ግን በኅዳር አልመጣም። መኪና ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ቀጠሮ ተሻረ፤ የመጣው በግንቦት ነው። ደመላሽ "በዚህ ጊዜማ አርማታው ገብቶ ጥርስ ባበቀለ ነበር" እያለ እትዬ ኮከቤን ሲተርባት ሰነበተ። ከብረቱ ጋር ሲና የምትባል ወጣት ኢንጂነር መጣች፤ ቀጭን፣ ብርድ የማትችል፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትውል ልጅ። ዐለቱ በማሽን ተቆፍሮ ስለነበር ስድስት ወንዶች አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የታንከሩን የብረት ገበታዎች አንድ በአንድ ገጠሙ። ሲና እያንዳንዱን ብሎን በራሷ እጅ ደግማ ታጠብቃለች። እትዬ ኮከቤን ማኅበሩ የቦታው ጠባቂ አድርጓት ስለነበር ከሥሯ አትጠፋም።

ሊጨርሱ ሲሉ እኔም ልጄን አዝዬ ለማየት ሄጄ ነበርና የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"እትዬ ኮከቤ፣ ይኼ ታንከር ባዶውን ክረምት እንዳይገባ" አለች ሲና። "መብራት ገብቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በውሃ ሙሉት።"

"ለምን ብሎ?"

"የተቀመጠው ዐለት ውስጥ ነው። ዝናቡ በዙሪያው ይጠራቀማል፣ መውጫ የለውም። ባዶ ካገኘው ያነሣዋል።"

እትዬ ኮከቤ ሳቀች። "ይኼን? አንዷን ገበታ ለማንሣት ስድስቱም ሲያቃስቱ አላየሽም?"

"ያነሣዋል" አለች ሲና ደግማ፣ ሳትስቅ። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ልደታ አመለከተች። "ያ የሚወርደው ውሃ በቦይ ቢመራ በአምስት ቀን ይሞላል።"

እትዬ ኮከቤ ወደተጠቆመችበት አየች። "እሺ" አለች። ድምፅዋ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም።

የቧንቧ ውሃችን በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣ፤ ለጀሪካን እንጂ ለእንዲህ ያለ ታንከር አይሆንም። ያን ሁሉ የሚሞላ ውሃ ያለው የልደታው ምንጭ ብቻ ነው። የልደታው ምንጭ ደግሞ ጠበል ነው። ከዓለም ከተማ ሳይቀር ታሞ የሚመጣበት ጠበል። እትዬ ኮከቤም ልጇ በሕፃንነቷ ስትታመምባት ሰባት ቀን ያስጠመቀቻት እዚያ ነው።

በሰኔ ኮሚቴው ተሰብስቦ አቶ ሸዋንዳኝ "የታንከሩስ ውሃ?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ኮከቤ "እሱ ይደረጋል" አለች። ወይም "እየተደረገ ነው" አለች። የትኛውን እንዳለች እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልጄ ጉልበቴ ላይ ሆና ታለቅስ ነበር፣ እኔም ቶሎ ጨርሼ ላጠባት ቸኩዬ ነበር። "ታንከሩ በውሃ ተሞልቷል" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ኮከቤ ከሥሩ የጣት አሻራዋን አደረገች።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ ያየነው ሁለት ቀን ቢሆን ነው።

በነሐሴ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ደመላሽ በሬን መታ። ቀልድ የማያጣው ሰው ፊቱ አመድ መስሏል። "አደይ፣ እስቲ ነይና እይ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጄን አንሥቼ ተከተልኩት።

ከመታጠፊያው ስንወጣ ክው ብዬ ቀረሁ።

ታንከሩ ወጥቷል። ትናንት ከመሬት እኩል የነበረው፣ ከላዩ ክዳኑ ብቻ ይታይ የነበረው ብረት፣ ከሰው ቁመት በላይ ከጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆሟል። ከቤቶቹ የሚመጡት ቧንቧዎች ተገንጥለው አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተዋል። በዙሪያው ደፍራሳ ውሃ ሞልቷል፤ በውሃው ላይ ያ ሁሉ ብረት ውሃ ላይ እንደተጣለ ቅል ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ሲወዛወዝ ዐለቱን ይነካና ድምፅ ያሰማል። ድምፁን ከሁሉ በላይ አልረሳውም፤ ትልቅ ደወል ከመሬት ውስጥ እንደሚመታ ዓይነት ነው።

አንዲት አሮጊት ያማትባሉ። ሰዉ እየመጣ ይቆማል። ልጄን አጥብቄ መያዜን ያወቅሁት ስታለቅስ ነው።

እትዬ ኮከቤ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ይጎተታል። እሷ ነጠላዋ ሲቆሽሽ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ጠራኋት፤ አልሰማችኝም።

"ብረት ይዋኛል እንዴ?" አለ ደመላሽ ለማንም ሳይሆን። ያሾፈ አልነበረም፤ መጠየቁ ነበር።

በዚያው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ ሸዋንዳኝ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። "ታንከሩ በውሃ ተሞልቷል። ይኸው። የሚጠበቅብንን አድርገናል። የሞላ ታንከር ከተነሣ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው፤ አዲስ ያመጡልናል።"

የገዛ እጅ ጽሕፈቴን አየሁት። ከዚያ እትዬ ኮከቤን አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ታንከሩ ባዶ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሲና በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ከመኪናው ስትወርድ ታንከሩን አይታ ባለችበት ቆመች። ከዚያ በጭቃው ውስጥ ዞረችው፤ አንዱን ጎን በድንጋይ መታችው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

"ሞልታችሁት ነበር?"

"ተመዝግቧል" አሉ አቶ ሸዋንዳኝ ደብተሩን ዘርግተው።

አነበበችው። ከንፈሯ ነጣ። "ሞልቶ ከነበረ ያፈሰሰው በብሎኖቹ በኩል ነው ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ብሎኖቹን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም።" ስልኳን አወጣች። "እንግዲህ ለአለቆቼ እንደዚያ ብዬ ልንገራቸው። ከሥራዬ መሰናበቴ ነው፤ ግን ምን ይደረግ።"

"ልጄ፣ አትደውይ" አለች እትዬ ኮከቤ። "አልሞላሁትም።"

አቶ ሸዋንዳኝ ዞሩ። "ኮከቤ፣ የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። አንዲት ጠብታ አላስገባሁበትም። ዝናቡ እንኳ እንዳያበላሸው ብዬ ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሬ ነው ያሰርኩት።"

አቶ ሸዋንዳኝ ደብተሩን ለመዝጋት ሞከሩ፤ ገጾቹ በጭቃ እጃቸው ላይ ተጣበቁ። እኔ መናገር ነበረብኝ። ተሞልቷል ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቅ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ።

ሲና መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ከዚያ ተነሥታ እንደገና ዞረችው፤ አሁን ግን በሌላ ዓይን ነበር። "ብረቱ አልተጎዳም" አለች። "አርማታ ቢሆን ከባድ ነውና ምናልባት ባልተነሣ። ከተነሣ ግን ይሰነጠቅ ነበር፤ አፍርሶ እንደገና መጀመር ነበር። ይኼን ዝናቡ ሲያባራ በክሬን አንሥተን፣ ከሥሩ ወፍራም አርማታ ሞልተን፣ በብረት ገመድ እናስረዋለን። እሱ የእኛም ጉድለት ነው፣ ከመጀመሪያው ማሰር ነበረብን። ለአሁኑ ከታች አፈር ባለበት በኩል መውጫ ቆፍራችሁ ውሃውን አስተንፍሱት። ግን በመስከረም አትገቡም። ታኅሣሥ ቢሆን ነው።"

መስከረም ላይ ለመግባት የማይጠብቅ ሰው አልነበረም። ቤት አከራዩን አስቀድሞ የተሰናበተም ነበር።

የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቸልተኝነት የጋራ ንብረት ያበላሸ አባል በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰረዛል ይላል። ደንቡን ያረቀቁት አቶ ሸዋንዳኝ ናቸው። ጉባኤው ለእሑድ ተጠራ።

ሲና በመጣችበት ቀን ከእትዬ ኮከቤ ጋር አብረን ተመለስን። "ለምን?" አልኳት።

"በምን ልቤ ጠበል እዚያ ውስጥ ልልቀቅ፣ አደይ?"

"ይኼንኑ ብትነግሪን ምን ነበረ?"

"ብናገር ሙዪ ትሉኛላችሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ቤት ይፈልጋል። ዝም ብል ደግሞ ይኼ ብረት የት ይሄዳል አልኩ።" ጥቂት ሄደችና "ከላይ ሰፈር ሰለሞን የሚባል ሰው የሚከራይ ባዶ ክፍል አለው ሲባል ሰምቻለሁ። ጓሮ እንዳለው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

አሥራ ሁለተኛውን ቤት መፈለግ ጀምራለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገና በር ባልተገጠመለት አንዱ ቤታችን ውስጥ ተሰበሰብን። ስብሰባ በጸሎት የሚከፍቱልን የልደታው ጠበል ጠባቂ መነኩሴ አባ አትናቴዎስ ናቸው፤ የዚያን ዕለትም አባታችን ሆይ ደግመው ጥግ ላይ ባለ ብሎኬት ተቀመጡ።

እትዬ ኮከቤ ብዙ አልተናገረችም። "ሙዪ ተብያለሁ፣ አልሞላሁም። ኢንጂነሯ አስጠንቅቃኛለች። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። አሁን እናንተ ተነጋገሩ፤ እኔ የውሃውን መውጫ ልቆፍር፣ ሌላ ዝናብ እየመጣ ነው" ብላ አካፋዋን ይዛ ወጣች።

ስትወጣ ወለተ ኢየሱስ ተነሣች። አራት ልጆች ይዛ በአንድ ክፍል የምትኖር ሴት ናት። "እኔ ኮከቤን አልጠላትም" አለች። "ግን ለጠበሉ አዘነችለት፤ ለኛ ልጆችስ ማን ይዘን? ቤት አከራዬ ክፍሉን ከመስከረም ጀምሮ ለሌላ ሰው ሰጥቶብኛል። ደንቡ ለምን ተጻፈ?"

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነቷን ነበር።

"ደንቡ ይሠራ ከተባለ እኔንም ይጨምር" አልኩ። መቆሜን ራሴም አላወቅሁትም። ቃለ ጉባኤውን ሳልጠይቅ፣ ሳላይ እንደጻፍኩት ተናገርኩ። የአቶ ሸዋንዳኝ አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለ።

"አንቺም?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ደመላሽ ሊያግዘኝ ፈልጎ "እንግዲህ ማኅበሩ በዚሁ ከቀጠለ ቤቱ ለሰው ይሰፋል" አለ። የሳቀለት የለም።

ያኔ አባ አትናቴዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አባል አይደለሁም፤ መናገር ይፈቀድልኛል?"

"ይናገሩ አባ።"

"ይቺ አሁን የወጣችው ኮከቤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው አለች። ዋሽታለች።"

ከውጭ የአካፋው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"በሰኔ ከቅዳሴ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘችኝ። 'አባ፣ ጠበሉን መርቼ የሽንት ቤት ታንከር ብሞላበት ይፈቀዳል?' አለችኝ። ተቆጣሁ። 'ምን ነካሽ? እንዲህ ያለ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ከአፍሽ እንዳልሰማ' ብያት ሄድኩ። ዘወር ብዬ ለምን እንደጠየቀች አልጠየቅሁም። የሰው ሁሉ ቤት በዚህ ላይ እንደተንጠለጠለ አላወቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ፣ ከቅጥራችን ከወጣ በኋላ ያን ውሃ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፤ ከታች በኩል አልፎ ሲሄድ ብትወስጂው ማን ይከለክልሻል እላት ነበር። መልሱ ይኼን ያህል ቅርብ ነበር። እኔ ቁጣ አስቀደምኩ፤ እሷም ቃሌን አክብራ፣ ዛሬም ስሜን ሳታነሣ ወጣች።"

እኔ ያሰብኩት ሁለት ወር ሙሉ እትዬ ኮከቤ በየጠዋቱ በዚያ በሚፈሰው ውሃ አጠገብ ስታልፍ ነው። ከቅጥሩ ውጭ በነጻ እየፈሰሰ ነበር። ወለተ ኢየሱስ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

"የምትሰርዙ ከሆነ" አሉ አባ፣ "የእኔንም ስም ከሥሯ ጻፉና ሰርዙት። ቤት ባይኖረኝም።"

አቶ ሸዋንዳኝ እጅ ቆጠሩ። ትሰረዝ ያሉ ዘጠኝ። አትሰረዝ ያሉ ሃያ ስድስት። ወለተ ኢየሱስ እጇን ለሁለቱም አላነሣችም። እኔን በተመለከተ ደብተሩ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ተገቢ ነው። በደብተሩ ላይ በመጨረሻ የጻፍኩት "ታንከሩ በውሃ አልተሞላም ነበር" የሚለውን ነው።

"ሂጂና ንገሪያት" አሉኝ አቶ ሸዋንዳኝ። "ለእኔ ከብዶኛል።"

እትዬ ኮከቤ ከታች በኩል እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ናት። መውጫው ተከፍቶ ደፍራሳው ውሃ በቀጭኑ እየወጣ ነበር፤ ታንከሩም አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። ስታየኝ መቆፈሯን አላቆመችም፤ ምን ተወሰነ ብላም አልጠየቀችኝም።

"አልተሰረዝሽም" አልኳት።

አካፋው ቆመ።

"አባ ተናግረዋል። የጠየቅሻቸውን ሁሉ ነገሩን።"

እንደቆመች ቀስ እያለች ወረደችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን የነበረበት ድንጋጤ ብቻ ነው፤ ታንከሩ የወጣ ጠዋት ካየሁባት ይብሳል።

"በሰው ሁሉ ፊት?" አለች። "መነኩሴ ሰው በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቴ ነው አሉ?"

"አሉ።"

"ዝም ቢሉ ምን ነበረበት። እኔ ቻልኩት አይደል።"

ከላይ ድምፅ ሰማንና ቀና አልን። ሰዉ ከቤቱ እየወጣ ነው። አንዳንዱ አካፋ ይዟል፣ አንዳንዱ ዶማ፤ ደመላሽ አዲስ ጫማውን አውልቆ በእጁ አንጠልጥሎታል። አባ አትናቴዎስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በመታጠቂያቸው ሸጉጠው ከፊት ከፊት ይወርዳሉ፤ እግራቸው እየተንሸራተተ ነው።

እትዬ ኮከቤ አካፋዋን ተደግፋ ተነሣች።

"አባ፣ እርስዎ ከዳር ይቁሙልኝ" አለች። "ይኼ ጭቃ መነኩሴ ነው ገበሬ ነው አይልም። ደመላሽ፣ አንተ ና ውስጥ ግባ። ቦዩን ከዚህ ጋ ነው ማስፋት ያለብን፣ ከዝናቡ በፊት።"